ማን ይቅደም?

መጀመሪያ ነገር፣ ጀልባ አልነበረችም። መርከብ ነበረች። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ሁለት ምሰሶ ያላት፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በእንጨት የተሠራች፣ እኔ ሳልወለድ ባሕር የገባች ዕቃ እንዴት ተብሎ ነው ጀልባ የምትባለው? እዚህ ሜልቦርን ዳር፣ ዌሪቢ የምንኖር ሐበሾች ግን አፋችን አያርፍም። ደሜ እንደሚፈላ እያወቁ «ጀልባህ ደኅና ናት?» ይሉኛል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቆ «ባሕር የሌላት አገር ባሕረኛ መጣ!» የሚለኝ ወዳጄ ነው። ይበል። እኔ ባሕር ኃይል ስገባ አገሬ ባሕር ነበራት። እሷ ባሕሯን ብታጣ እኔ ዋና አልረሳሁም።

ጋሼ የምላቸው ድሮ ምጽዋ፣ በጦር መርከብ ላይ፣ አለቃዬ የነበሩትን ሰው ነው። እኔ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሳቸው ወለሉን፣ ገመዱንና መልህቁን የሚያዙ ነባር ባሕረኛ። ስደት ለየብቻ በታተነን፤ እኔማ ሞተዋል ብዬ ተዝካራቸውን በልቤ አውጥቼ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ኖርዝ ሜልቦርን አንድ ሱቅ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ «አንተ! ወገብህን አቅና!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞሬ ሳላይ ወገቤ ተቃንቶ ነበር። ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተበትኖ፣ እኛ ተቃቅፈን አለቀስን። ባለሱቁ ሰው የሞተብን መስሎት ውሃ አመጣልን።

ጋሼ እዚያው ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከመንግሥት ፎቆች በአንዱ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። መርከቧን ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። ዌሪቢ ሳውዝ ወደብ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ሞቶ ልጆቹ «እናፍርሳት» ሲባባሉ ደረስኩ። «አትፈርስም!» አልኩ፤ ማን እንደጠየቀኝ እንጃ። በማግሥቱ ጋሼን ይዣቸው ሄድኩ። ወለሉን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጎንበስ ብለው ሳንቃውን አሸተቱ፣ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ምሰሶው ላይ ሰቀሉ። ጋሼ ኮታቸውን ከሰቀሉ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያችን ሁሉ የእሷ ሆነ። እኔ ዌርሃውስ የሌሊት ሺፍት ሠርቼ ዓይኔ ደም መስሎ እመጣለሁ፤ ጋሼ በባቡር ይመጣሉ። የበሰበሰውን ሳንቃ አውጥተን አዲስ አስገባን፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ጥጥ ወተፍን፤ በላዩ ቅጥራን ቀባን። ሞተሯን እኔ ፈትቼ ገጠምኩ፤ ሸራዋን ጋሼ በገዛ እጃቸው ሰፉት። ስንጣላም እንውላለን። «ይህን ቋጠሮ ማን አስተማረህ?» ይሉኛል። «እርስዎ» እላለሁ። «ዋሽተሃል» ይላሉ። መጀመሪያ ቀን ከወደቡ ስትወጣ ሚስቴ እልል አለች፤ ፈረንጆቹ ዓሣ አጥማጆች ሠርግ መስሏቸው አጨበጨቡ። ደረቴን እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። መርከቧ የሁለታችን ናት፤ ካፒቴኗ ግን ጋሼ ናቸው። በዚህ ላይ ክርክር አልነበረም።

ይህ የምነግራችሁ ቅዳሜ የዋለው ሁዳዴ ላይ ነው። ዊልያምስታውን ወደብ ያሉ ጠጋኞች ከውሃ አውጥተው ሆዷን እንዲያዩልን ቡክ አድርገን ነበርና፣ ከዌሪቢ ሳውዝ በማለዳ ልንነሣ ተሰናዳን። ሚስቴ «ሁለት ሽማግሌ ብቻችሁን አትሄዱም» ብላ ልጃችንን ከኮሊንግዉድ አስመጣች። ልጄ ነርስ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ግትርነቷ የኔ ነው፣ መልኳ ግን፣ ደግነቱ፣ የእናቷ። እኔ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲሁ ተግባብተን ኖረናል። ጋሼ ሲመጡ ግን ከወንበሯ ትነሣለች፣ ጎንበስ ብላ ትጨብጣቸዋለች፣ እሳቸው ሳይቀመጡ አትቀመጥም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅ ሆና ከትልቅ ሰው ቀድማ በር ስትገባ ጆሮዋን እቆነጥጣት ነበር።

ጋሼ ጾም ነው ብለው አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎ ይዘው መጡ። «ይህ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?» ስላቸው «ባሕር አይታወቅም» አሉና ወደ ሞተሩ በሚያስወርደው መሰላል አጠገብ ሰቀሉት።

የአየር ትንበያው ነፋሱ የሚዞረው ማታ ነው ብሎ ነበር። ጠዋቱን ከሰሜን ሞቅ ያለ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩ ለጥ ያለ ነው፤ የከተማው ፎቆች ከሩቅ ይታያሉ፤ ጋሼ መሪውን ይዘው ያንጎራጉራሉ። ፖይንት ኩክን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ጋሼም ማንጎራጎሩን ተዉ። ወደ ደቡብ ሳይ ሰማዩ ከሥሩ ጠቁሯል። «ላይፍ ጃኬት» አሉ። ሜልቦርን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑ በአንድ ጊዜ ከበጋ ወደ ክረምት ይገለበጣል። ከተማ ውስጥ ከሆንክ ጃኬት ትደርባለህ። ባሕር ላይ ከሆንክ እናትህን ትጠራለህ።

ይህ የኛ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱን ተገላገልኩ ስትል ሌላው ተደርቦ ይመጣል። መርከቧ ግን፣ ምን አለፋችሁ፣ አኮራችኝ! አፍንጫዋን ትቀብርና ውሃውን አራግፋ ቀና ትላለች። «ጎሽ! ጎሽ የኔ እናት!» እያልኩ እጮኻለሁ። ልጄ ምሰሶውን አቅፋ በእንግሊዝኛ ትጸልያለች፣ ወይም ትሳደባለች፤ አልለየሁም።

ከዚያ ሞተሩ ተንተባተበ። ወርጄ ሳይ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል። ከፊት በኩል አንዱ ሳንቃ ጥጡን ተፍቷል፤ ሞገድ በመታን ቁጥር ውሃው ይንፎለፎላል። ይሁን፣ ፓምፕ የተፈጠረው ለዚህ አይደል? ባስነሣው አቃስቶ ዝም አለ። እጄን ወደ መምጠጫው አፍ ሰድጄ ዘገንኩ። ቆሎ! የጋሼ ከረጢት ወድቆ ተፈትቷል፤ ገብሱ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ የፓምፑን ጉሮሮ ዘግቶታል። ባወጣው ባወጣው አያልቅም። መርከብ በመድፍም፣ በበረዶም፣ በድንጋይም ይሰጥማል፤ በጾም ቆሎ የታነቀች ግን የኛዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ጋሼ፣ ቆሎዎ ፈጀን!» ብዬ ወደ ላይ ጮኽኩ።

«ብላ ስልህ ብትበላ ኖሮ!» አሉኝ።

ሞተሩ ሞተ። ነፋሱ ወደ ዳርቻው ድንጋይ ይገፋን ጀመር። ጋሼ መልህቁን አስጣሉኝ፤ መልህቁ ያዘ። ልጄ በሬዲዮ ተናገረች። የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች በጀልባ እየመጣን ነው አሉ፤ መርከቧን ግን በዚህ ማዕበል መጎተት አንችልም፣ የምንወስደው ሰው ብቻ ነው አሉ። እንግዲህ እነሱ እስኪደርሱ መወሰን ነበረብን። ጥለናት እንወርዳለን ወይስ አብረናት እንቆያለን?

እኔ አልወርድም አልኩ። «መልህቁ ይዟል፤ በባልዲ እየቀዳን ነፋሱ እስኪበርድ እንቆያለን። መርከብ ጥሎ መውረድን አንዴ አይቼዋለሁ። ያኔ ስንሰደድ የጦር መርከባችንን በባዕድ ወደብ ጥለናት ስንሄድ ዞሬ አይቻታለሁ። ሁለተኛ አላይም!» ይህን ስል እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ደግነቱ ዝናቡ ሸፈነልኝ። ባልዲ አንሥቼ መቅዳት ጀመርኩ። ልጄም ሌላ ባልዲ አንሥታ አጠገቤ ቆመች። ቀዳን፣ ቀዳን፣ ወገባችን ተቆረጠ። ውሃው ግን ከጉልበት ወደ ጭን ወጣ።

ጋሼ መሪውን አስረው ወደ ታች ወረዱ። ያን የተከፈተ ሳንቃ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ በመዳፋቸው ዳሰው ቆዩ።

«በቃ» አሉኝ።

«ምኑ ነው በቃ?»

«እሷ ሥራዋን ጨርሳለች። ሰው ይውረድ።»

«ጋሼ! ይህን ሁሉ ዓመት ለፍተን?»

«እንጨት ነው። እንጨት አበጅተናል፤ ብንኖር ሌላ እናበጃለን። ይቺን ልጅ ብታጣ ግን ለእናቷ ምን ብለህ ትነግራታለህ?»

ሌላ ሰው መርከቤን እንጨት ቢላት ጉሮሮውን በያዝኩ ነበር። እሳቸው ግን «እንጨት ነው» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ከኔ የበለጠ እንደሚወዷት ያን ጊዜ ገባኝ። ባልዲውን አስቀመጥኩ። የመርከቧ ነገር ተወሰነ፤ የኛ ነገር ግን ገና ነበር።

ጀልባው ደረሰ። ብርቱካናማ፣ ዙሪያውን ጎማ የለበሰ ነው። ከፊት የቆመው ቀይ ጢማም ሰውዬ «አንድ በአንድ! ሞገዱ ሲያነሣን ‹አሁን› እላለሁ፣ ያኔ ትዘላላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ወደ ልጄ ዞረው «ነይ፣ አንቺ ቅደሚ» አሏት። የባሕር ሕግ ነው፤ ካፒቴን ከመርከቡ የሚወርደው መጨረሻ ነው። ይህን ሕግ ምጽዋ ለኛ ለምልምሎቹ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ካፒቴን ሆኖ ከሰው ቀድሞ ከመውረድ ሞት ይሻላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩትም ቀልድ የለበትም።

ልጄ ግን ንቅንቅ አላለችም። «ጋሼ ይቅደሙ» አለች፤ በአማርኛ።

«ካፒቴን ናቸው እኮ! ካፒቴን አይቀድምም!» አልኳት።

ከዚህ በኋላ ወደ እንግሊዝኛዋ ተመለሰች፤ እንባዋና ንዴቷ ተቀላቅሏል። እኔ ጤነኛዋ፣ እኔ ነርሷ፣ ይህን የሚያህል ሽማግሌ ትቼ ቀድሜ ልዝለል? ሰው ሆነህ እንዴት እንዲህ ትለኛለህ? ከትልቅ ሰው በፊት በር እንዳልገባ ጆሮዬን የቆነጠጥከው አንተ አይደለህም? አለች።

«ይህ በር አይደለም!» ብዬ ጮኽኩባት።

እሷ ግን ምሰሶውን የባሰ አጥብቃ ያዘች። ቀይ ጢማሙ «አሁን!» አለ። ማንም አልዘለለም።

«እንግዲያው አንተ ቅደምላት» አሉኝ ጋሼ።

«እኔ? እርስዎ ቆመው? ኧረ በሞቴ!»

«እሱስ ቀርቧል» አሉ።

ወይ ጉድ! መርከብ እየሰጠመ፣ ሦስት ሐበሻ የሠርግ ቤት በር ላይ የቆምን ይመስል «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይሆንም»፣ «በፍጹም» እንባባላለን። ሞገዱ ጀልባውን መልሶ ወሰደው። ቀይ ጢማሙ እጁን ዘርግቶ «ምንድን ነው የምትከራከሩት?» ይላል። ምን ተብሎ ይነገረዋል? ሁለተኛ ሲጠጉ ጀልባው ከጎናችን ጋር ተላተመ፤ የመርከባችን አጥር ተሰበረ። የጀልባውን መሪ የያዘው ሰው ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሞክር፣ ከዚያ በኋላ ራሳቸውም እንደሚያሰጋቸው በጩኸት ነገረን። የፊት ወለላችን ውሃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

ልጄን አየኋት። አውቃታለሁ፤ የኔ ልጅ ናት። ጎትቼ ልወረውራት ብል ከምሰሶው ጋር አብራ ትነቀላለች እንጂ አትለቅም። ኮራሁባትም፤ እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሞት ፊት፣ እንዴት ኮራሁባት! ጋሼም አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረዘም አድርገው። ወዲያው ያን የድሮውን፣ የምጽዋውን ድምፅ ሰማሁ።

«መርከቧን ተረከብ!»

ካሰብኩት በፊት አፌ መለሰ። «ተረክቤያለሁ!»

መሪውን በእጄ አስያዙኝ። ጣታቸው በጣቴ ላይ ትንሽ ቆየ። ወደ ልጄ ሄደው «እሺ፣ አሸነፍሽኝ፤ ሽማግሌ ነኝ» አሏት። እኚህ ሰው ራሳቸውን ሽማግሌ ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ ምሰሶውን ለቃ ክንዳቸውን ያዘች፤ እስከ ዳር ደገፈቻቸው። «አሁን!» ሲባል ጋሼ ዘለሉ። የመርከባችን ካፒቴን፣ ከሁላችን ቀድመው ወረዱ። ልጄ እግራቸውን ተከትላ ዘለለች።

እኔና መርከቧ ብቻችንን ቀረን። ካፒቴን ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ መሪዋን ሳምኩ፤ ጨው ጨው አለኝ። ከዚያ እኔም ዘለልኩ።

ጀልባው ሲርቅ ተቀመጡ ተባልን። ጋሼ እምቢ አሉ። «ቆሞ ነው የሚሸኝ» አሉ። እኔም ቆምኩ፤ ልጄ ሁለታችንንም በወገባችን ይዛ ቆመች። መርከባችን ሦስታችንም እስክንወርድ የጠበቀች ይመስል አፍንጫዋን ደፋች፣ ወደ ጎን ዘመም አለች፣ ከዚያ ወለሏን ውሃው ዋጠው። ጥልቀት የሌለው ባሕር ነውና የምሰሶዎቿ ጫፍ ከሞገዱ በላይ ቀረ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ግን አንድ ነገር ማንም አይወስድባትም፤ ያን ሁሉ ሞገድ ችላ ሦስት ሰው በደኅና አወረደች። ጀልባ የሚሏት ይህን ይስሙ።

ዊልያምስታውን ስንደርስ ብርድ ልብስ ደረቡልን፤ ትኩስ ሻይ ሰጡን። እግዜር ይስጣቸው፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ቀይ ጢማሙም ደግ ነው። ግን የጋሼን ትከሻ መታ አድርጎ «ካፒቴን አንደኛ ሲወርድ ዛሬ ገና አየሁ!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቢሆንም ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ሻዩን አስቀምጬ ተነሣሁ። እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉ፣ ለማን ብለው እንዳደረጉት ላስረዳው ነበር። ጋሼ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ሰውየውን ፈገግ ብለው አዩትና በዚያ በሚያውቋት እንግሊዝኛ «አዎ፣ አርጅቻለሁ» አሉት። አርጅቻለሁ! ጥርሴን ነክሼ ሻዬን ጠጣሁ።

ልጄ ትንሽ ራቅ ብላ ለእናቷ ስልክ ትደውላለች። ከንፈሯ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቷ ግን በርቷል። «ጋሼን መጀመሪያ አስወረድኳቸው! እኔ ባልሆን አይወርዱም ነበር! አልቀድምም አልኩ፣ እማ፣ አልቀደምኩም!» ትላለች፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ትምህርቷን ጨርሳ ስትመረቅ እንኳ እንዲህ ኮርታ አላየኋትም።

ማምሻውን ጋሼን ኖርዝ ሜልቦርን አደረስኳቸው። ሊፍቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሯትም? እሷን ለማውረድ ብለው የካፒቴንነት ክብርዎን እንደጣሉ ትወቅ እንጂ። የኛን ሰው አፍ አያውቁትም? እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ‹ካፒቴኑ ልጅቷን ጥለው ዘለሉ› ነው የሚባለው!»

«ይባላ።»

«እሷስ? የሆነው ሁሉ በሷ ጉብዝና ብቻ መስሏታል እኮ!»

ሊፍቱ ተከፈተ። ጋሼ አልወጡም፤ እየተገረሙ አዩኝ።

«ለእናቷ ምን አለቻት? ሽማግሌ አስቀደምኩ አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያ አላስቀደመችኝም እንዴ?»